ከላይ፣ ከታች ወይስ በየነጥቡ? በኢሜይል ውይይት የመጥቀስና የመመለስ ንጽጽር

አንድ ኢሜይል በአምስት ሰዎች መካከል ሲመላለስ ሰንብቶ ስድስተኛው ሰው «ታዲያ ምን ላይ ተስማማችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጠያቂው አይደለም። መላሾቹ የትኛውን ጥያቄ እየመለሱ እንደሆነ አላሳዩም፤ ወይም የቆየውን ሁሉ ከሥር እያንጠለጠሉ ስለላኩ አዲሱን ከአሮጌው መለየት አልተቻለም። ሁለቱም የሚመጡት ፕሮግራሙ በራሱ ያቀረበውን አቀማመጥ ሳይነኩ «ላክ» ከማለት ነው።

የቀደመውን መልእክት ይዞ ለመመለስ አራት መንገዶች አሉ፦ ከጥቅሱ (ከቀደመው መልእክት ከተወሰደው ቃል) በላይ መጻፍ፣ ከጥቅሱ በታች መጻፍ፣ ጥቅሱን በየነጥቡ እያቋረጡ መጻፍ፣ ጭራሽ አለመጥቀስ። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን መልእክት ካነበበ ሁለት ቀን ያለፈው፣ ሌላ አርባ ኢሜይል የሚጠብቀው ሰው የእርስዎን መልስ ብቻ ከፍቶ ነገሩ ይገባዋል?

ለቸኮለ ሰው፦ ጥያቄው አንድ ሆኖ መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ከሆነ ከላይ ይመልሱ። ጥያቄዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ በተለይም አንባቢው ብዙ ከሆነ፣ በየነጥቡ ይመልሱ። ከታች መመለስ የሚያዋጣው ጥቅሱ ከአምስት ስድስት መስመር ካልበለጠ ነው። ከአንድ ሰው ጋር በዚያው ሰዓት እየተጻጻፉ ከሆነ ባይጠቅሱም ይሆናል።

አንድ መልእክት፣ አንድ መጥፎ መልስ

አንዲት አስተባባሪ ለሰባት ሰዎች እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ሦስት ነገር እንወስን።
1. ስልጠናው ሐሙስ ይሁን ዓርብ?
2. አዳራሹ 40 ሰው የሚይዘው ይበቃል ወይስ 60 የሚይዘውን እንያዝ?
3. የሚባዙትን ጽሑፎች ማን ያዘጋጃል? እስከ ሰኞ ማወቅ አለብኝ።

ከሰባቱ አንዱ ይህን መልእክት እንዳለ ከሥር ትቶ ከላይ «እሺ፣ ሁለተኛው ይሻላል» ብሎ ላከ። ሁለተኛው የቱ ነው? ዓርብ? 60 የሚይዘው አዳራሽ? ወይስ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው የመለሰው? ላኪው ሲጽፍ ጥያቄው ዓይኑ ሥር ስለነበር ምንም አልጎደለበትም። አስተባባሪዋ ግን እንደገና መጠየቋ ነው፤ ያ ጥያቄም ለሰባቱም ሊደርስ ነው።

ከላይ መመለስ

አብዛኛው ፕሮግራም ሳይጠየቅ የሚያቀርበው ይህን ነው፤ ጠቋሚው አናት ላይ ይቆማል፣ የቀደመው መልእክት በሙሉ ከሥር ይንጠለጠላል። አውትሉክና ጂሜይል በዚህ ስላስለመዱን ሌላ መንገድ መኖሩን ልብ የማይል ሰው ብዙ ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። አንባቢው ገና ሲከፍት አዲሱን ነገር ያገኛል፤ በስልክ ላይ ሳይከፍት እንኳ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያያል። ጽሑፍን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰውም ቀድሞ የሰማውን እንደገና ለመስማት አይገደድም። ዘግይቶ የገባ ሰው ደግሞ ታሪኩን ከሥር ያገኘዋል።

ድክመቱ መልሱና ጥያቄው መለያየታቸው ነው። ስለዚህ ከላይ የሚመልስ ሰው አንድ ግዴታ አለበት፦ መልሱ ያለ ጥቅሱ ብቻውን መቆም አለበት። «ሁለተኛው ይሻላል» አይቆምም። «ስልጠናው ዓርብ ይሁን፤ አዳራሹም 60 የሚይዘው» ይቆማል። ለመፈተን ቀላል ነው፤ ከመላክዎ በፊት ከሥር ያለውን በእጅዎ ሸፍነው የራስዎን ያንብቡ።

ሌላው ችግር እየከበደ መሄዱ ነው። እያንዳንዱ ሰው አሥር አሥር መስመር ቢጽፍና ሁሉም የቀደመውን እንዳለ ቢያንጠለጥል አሥረኛው መልእክት 100 መስመር ይሆናል። አሥሩ መልእክቶች ሲደመሩ 550 መስመር ናቸው፤ አዲስ ነገር ያለው ግን 100ው ውስጥ ብቻ ነው። ጉዳቱ በኋላ አንድ ቃል ሲፈልጉ ይታያል፤ ያው ዓረፍተ ነገር በአሥር መልእክት ውስጥ ይመጣና የመጀመሪያው የቱ እንደነበር መለየት ሥራ ይሆናል። ጂሜይል ደግሞ ከ102 ኪሎባይት ያለፈ መልእክትን ይቆርጠዋል፤ ሙሉውን ለማየት ሌላ ማያያዣ መጫን ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ በአማርኛ የተጻፈ የመልእክት ሰንሰለት በላቲን ፊደል ከተጻፈው ቀድሞ እዚያ ይደርሳል።

ከሁሉም የከፋው ግን ታሪኩ ማንም ሳያየው መጓዙ ነው። አዲስ ሰው ሲሲ (ግልባጭ) ላይ ሲጨምሩ ከሥር የተጠራቀመውን ሁሉ አብረው እየሰጡት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ እሱ የተባለውንም፣ ለሌላ ሰው የቀረበውን ዋጋም። አዲስ ስም ከመጨመርዎ በፊት እስከ ግርጌ ወርደው ያንብቡ፤ ለእሱ የማይሆነውን ይሰርዙ።

በየነጥቡ መመለስ

ለውይይት ከአራቱ የምንመርጠው ይህን ነው። ለአስተባባሪዋ እንዲህ ይመለሳል፤ > ምልክት ያለበት መስመር የእሷ ቃል ነው፦

መልሴ ከየጥያቄው ሥር ነው።

አስተባባሪዋ ማክሰኞ ጠዋት ጽፋለች፦

> 1. ስልጠናው ሐሙስ ይሁን ዓርብ?

ዓርብ። ሐሙስ ሁለቱ አሰልጣኞች ሌላ ቦታ ናቸው።

> 2. […] 60 የሚይዘውን እንያዝ?

አዎ። እስካሁን የተመዘገቡት 43 ናቸው።

> 3. የሚባዙትን ጽሑፎች ማን ያዘጋጃል?

እኔ። ረቂቁን እሑድ ማታ እልካለሁ።

ማንም ሰው ይህን ብቻ ከፍቶ ሁሉ ነገር ይገባዋል። ጥያቄ ተዘሎ እንደሆነም ወዲያው ይታያል፤ በየነጥቡ የመመለስ ትልቁ ጥቅም እንዲያውም መላሹን ራሱን አንድ ጥያቄ እንዳይረሳ ማስገደዱ ነው። የሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ገንቢዎች በሥራቸው ላይ በአብዛኛው በኢሜይል ስለሚወያዩ በጽሑፍ ባሰፈሩት መመሪያቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ጥቅሱ ተቆርጦ፣ መልሱ በመሃል ገብቶ እንዲላክ። ከላይ መመለስን አጥብቀው ይቃወማሉ።

የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሰላምታውን፣ መዝጊያውን፣ ፊርማውንና የማይመልሱትን አንቀጽ ሁሉ ይሰርዙ። ከዚያ በሚመልሱት ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጠቋሚውን አቁመው ሁለት ጊዜ «ኤንተር» ይጫኑ። መልስዎን ይጻፉ፤ ከበላዩም ከበታቹም አንድ አንድ ባዶ መስመር ይተዉ። በመጨረሻም ከመጨረሻው መልስዎ በታች የቀረ ጥቅስ ካለ ያጥፉት፤ እዚያ የተረፈ ጽሑፍ አንባቢውን «ከዚህ በታች ሌላ መልስ ይኖር ይሆን?» ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። «መልሴ ከየጥያቄው ሥር ነው» የምትለዋ መስመር ካልገባች ተቀባይዋ ገና ስትከፍት የምታየው የራሷን ጽሑፍ ስለሚሆን ባዶ መልስ የደረሳት ይመስላታል። ባዶ መስመሮቹ ካልተተዉ መልሱ ከጥቅሱ ጋር ይዋሃዳል። የጥቅሱ መጠን ከመልሱ ሲበዛም ዓይን ይደክማል፤ አንድ መስመር ለመመለስ አሥር መስመር የጠቀሰ ሰው ገና አልቆረጠም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ምልክቱን ትቶ «መልሴን በቀይ ጽፌዋለሁ» ይላል። ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ዙር ምንም አይልም። ሦስተኛው ሰው በሰማያዊ፣ አራተኛው በአረንጓዴ ሲገባ ግን ማን ምን እንዳለ የሚነግር መዝገብ ያስፈልጋል። መልእክቱ ወደ ፕሌይን ቴክስት (ቀለምና ቅርጽ ወደሌለው ተራ ጽሑፍ) ሲለወጥ ቀለሙ ይጠፋል፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ይጠፋል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰው ከመጀመሪያውም የለም። የግድ ቀለም መጠቀም ካለብዎ ከየመልስዎ ፊት ስምዎን በቅንፍ ያስገቡ፤ ቀለሙ ቢጠፋ ስሙ ይቀራል።

አንድ ነገር በየነጥቡ መመለስን አይወድም፤ እሱም ጠብ ነው። የሰውን ጽሑፍ በየዓረፍተ ነገሩ እየበጣጠሱ ለእያንዳንዱ ማፍረሻ መጻፍ ለጻፈው ሰው እንደ ምርመራ ነው የሚሰማው። የተለያያችሁት በአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ከሆነ ያንን ሐሳብ በአንድ መስመር ጠቅሰው መልስዎን በወጥ አንቀጽ ይጻፉ።

ከታች መመለስ

ከዩዝኔት (ከቀድሞው የኢንተርኔት የውይይት መድረክ) እና ከቀደምቶቹ የጽሑፍ ተርሚናሎች ዘመን የወረስነው ነው። አመክንዮው ትክክል ነው፤ ሰው ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ ጥያቄ ከመልስ ይቀድማል። ሁለት መስመር ጠቅሰው ከሥሩ ሦስት መስመር ሲጽፉ ደግሞ ከዚህ የሚያምር የለም።

ችግሩ ሳይቆርጡ ከታች የሚጽፉት ናቸው። አንባቢው ያነበበውን ስድሳ መስመር አልፎ ወርዶ «እስማማለሁ» የሚል አንድ ቃል ያገኛል፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይዘጋዋል። በመሥሪያ ቤት ሁሉም ከላይ በሚመልስበት ሰንሰለት ውስጥ ብቻዎን ከታች መግባትም አይጠቅምም፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የጻፈበትን ገጽ በቅደም ተከተል ማንበብ የሚችል የለም። እንዲህ ባለ ቦታ የቤቱን ልማድ ይከተሉ፣ ወይም መልስዎ ብቻውን እንዲቆም አድርገው ጥቅሱን ያውጡት።

አለመጥቀስ

ጥቅሱን ካጠፋሁ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይበጠስም። እያንዳንዱ ኢሜይል የማይደገም መለያ አለው፤ «ሪፕላይ» ሲጫኑ ፕሮግራሙ የቀደመውን መለያ በማይታየው የመልእክቱ ራስጌ ውስጥ ይጽፋል። መልእክቶቹን የሚያያይዛቸው ይህ ነው፤ ከሥር የተንጠለጠለው ጽሑፍ አይደለም። ጥቅሱን በሙሉ ሰርዘው ቢልኩም መልስዎ በቦታው ይገባል።

ያለ ጥቅስ መጻፍ የሚያምርበት ሌላ ጊዜ ውይይቱ ረዝሞ ሲወሳሰብ ነው። አሥራ አምስት መልእክት ካለፈ በኋላ ከመጥቀስ ይልቅ «እስካሁን የተስማማነው፦ ዓርብ፣ 60 የሚይዘው አዳራሽ። ያልወሰንነው፦ የምሳ ሰዓት» ብሎ በራስ ቃል መጻፍ ይበልጣል። ይህን የሚጽፈው ሰብሳቢው ብቻ መሆን የለበትም፤ ማንም ቢያደርገው ይመሰገናል።

ምን ያህል ይቁረጡ፣ እንዴት ይቁረጡ

ደንቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1855 የተባለው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር ሰነድ ለመልሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ መጥቀስን፣ ሙሉውን አለማስገባትን ይመክራል። ፊርማም ከ4 መስመር እንዳይበልጥ ይላል፤ ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክ ከጻፉ በኋላ የሚቀረው ቦታ ለአባባልና ለሎጎ አይበቃም፣ ባይበቃም ጥሩ ነው። በፊርማ ውስጥ ያለ ሥዕል በየመልሱ እየተባዛ ስለሚሄድ ሰንሰለቱን ከጽሑፉ በላይ የሚያከብደው እሱ ነው።

የሰው ቃል ሲቆርጡ ሦስት ነገር አይነካም። አንደኛ፣ ቃሉ ራሱ፤ የፊደል ስህተት እንኳ ቢኖር በጥቅሱ ውስጥ አያርሙት። ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ቦታ፤ ከዓረፍተ ነገር መሃል ካወጡ […] ያስገቡ። ሦስተኛ፣ «ግን»። አንድ ሰው «ዓርብ ይሻላል፣ ግን አዳራሽ ካልተገኘ ሐሙስም ይሆናል» ብሎ ጽፎ ሳለ «ዓርብ ይሻላል» የሚለውን ብቻ ማስቀረት ቃሉን ሳይነኩ ሐሳቡን መለወጥ ነው፤ በኢሜይል ጠብ የሚያስነሳውም ይኸው ነው።

«እገሌ ጽፏል» የምትለውን መስመር ሰው ሁሉ ሲቆርጥ አብሮ ይቆርጣታል። በሁለት ሰው መካከል ግድ የላትም። ሦስት ሲሆኑ ግን የምልክቶቹን ቁጥር የምታስረዳው እሷ ናት፦ አንድ > ማለት መልስ የሚሰጡት ሰው ቃል ነው፣ ሁለት >> ማለት ያ ሰው የጠቀሰው የሌላ ሰው ቃል ነው። ሁለተኛውን ደረጃ ካስቀሩ የሁለቱንም ስም ያስቀሩ፤ አለበለዚያ አንዱ ያላለውን እንዳለ ይቆጠራል። ከሁለት ደረጃ በላይ ግን አይሂዱ። ሦስተኛ ምልክት ሲያዩ ጥቅሱን ትተው በራስዎ ቃል ያሳጥሩት።

በአማርኛ ይህ ነገር ይብሳል። «እንዳሉት» ብሎ የጻፈ ሰው «እርስዎ እንዳሉት» ማለቱ ይሁን፣ «እሳቸው እንዳሉት» ወይም «እነሱ እንዳሉት» ከግሱ አይለይም። ብዙ ሰው በሚያነበው መልስ ውስጥ ጥቅሱን ማስገባት ወይም ስሙን መጥራት ይሻላል። «እንዳልሽው» እና «እንዳልከው» ይለያሉ፤ ግን ከሰባቱ ሴቶቹ ሦስት ከሆኑ ያው ነው።

ሌላ ሳይታወቅ የሚመጣ ብልሽት አለ፤ የተሰበረ መስመር። በፕሌይን ቴክስት የሚጻፍ ኢሜይል መስመሩ ከ78 ቁምፊ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ብዙ ፕሮግራም 72 አካባቢ የሚቆርጠው ለወደፊት > ምልክቶች ቦታ ለመተው ነው። መስመሩ ሞልቶ ሳለ ምልክት ሲጨመርበት የመጨረሻው ቃል ወደ ታች ይወድቃል፦

> > ስልጠናው ዓርብ ከሆነ አዳራሹን ለማስያዝ እስከ
> ሰኞ
> > ጊዜ አለን ማለት ነው።

«ሰኞ» የሌላ ሰው ቃል መሰለች። እንዲህ ሲሆን በእጅ ከበላዩዋ መስመር ጋር ይመልሷት፤ ብዙ ከሆነ ጥቅሱን አጥፍተው ከመጀመሪያው መልእክት ላይ እንደገና ቢገለብጡ ይቀላል።

በየፕሮግራሙ

ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመቸ ነው። ከመመለስዎ በፊት የሚፈልጉትን ዓረፍተ ነገር በማውዝ ከመረጡ ያንን ብቻ ጠቅሶ ይከፍትልዎታል። በጥቅሱ መሃል «ኤንተር» ሲጫኑም ጥቅሱን ለሁለት ከፍሎ ቦታ ይሰጥዎታል። መልሱ ከላይ ይጀምር ከታች በየአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ ይመረጣል። «ሺፍት» ይዘው «ሪፕላይ» ሲጫኑ ደግሞ ከኤችቲኤምኤል (ቀለምና ቅርጽ ካለው ጽሑፍ) ወደ ፕሌይን ቴክስት፣ ወይም በተቃራኒው ይቀየራል።

አፕል ሜይልም የተመረጠውን ጽሑፍ ብቻ ይጠቅሳል፤ በስልኩም እንዲሁ ስለሆነ በስልክ በየነጥቡ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ጂሜይል ጥቅሱን ይደብቀዋል። በመጻፊያው ሳጥን ግርጌ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ ይገለጣል፤ ካልገለጡት መቁረጥ አይችሉም፣ ሳይታይዎ በሙሉ ይላካል። ሰዎች «እኔ ምንም አላያያዝኩም» የሚሉት ለዚህ ነው። በጥቅሱ መሃል ሲጽፉ በግራ ያለችው ቀጥ ያለች መስመር የእርስዎንም ጽሑፍ ከያዘችው፣ ጽሑፍን ወደ ውስጥ ገብ የሚያደርገውን ማስተካከያ አንድ ደረጃ ይቀንሱ፤ ወይም ከሳጥኑ ሜኑ ፕሌይን ቴክስትን ይምረጡ፣ ያኔ > ምልክቶቹ ይመጣሉ።

የቆየው የኮምፒውተር አውትሉክ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው፤ ጥቅሱን ምንም ምልክት ሳያደርግበት ስለሚያስቀምጠው በመሃል የገባ መልስ ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። መፍትሔው በማስተካከያው «ሜይል» ክፍል፣ ስለ መልስና ፎርዋርድ በሚናገረው ሥር አለ፦ እዚያ ዋናው መልእክት በየመስመሩ ምልክት እንዲገባበት መምረጥ ይቻላል። እዚያው አጠገብ በሰው ጽሑፍ መሃል ሲጽፉ ስምዎን በራሱ የሚያስገባ ሳጥን አለ፤ ቀለም ለሚወዱ መሥሪያ ቤቶች ይህን ማብራት ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ለማን፦ ለአንዱ፣ ለሁሉም ወይስ ማስተላለፍ

«ለሁሉም» የሚመረጠው መልሱ የሌሎቹን ሥራ ሲለውጥ ነው። «ዓርብ አልችልም» ቀኑ ያልተወሰነ ከሆነ ለሁሉም ነው። «አመሰግናለሁ»፣ «ደርሶኛል»፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ለአንዷ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ 13 ሺህ ገደማ ሠራተኞች የነበሩበት አንድ የቡድን አድራሻ መኖሩ ሲታወቅ «እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝ» ያሉት፣ «እኔንም» ያሉት፣ «ለሁሉም መመለስ አቁሙ» ያሉት ሁሉ የመለሱት ለሁሉም ነበር፤ የኩባንያው የኢሜይል አገልግሎት በዚህ ተንበረከከ። እንዲህ ያለ ማዕበል ሲመጣ ትክክለኛው መልስ ዝም ማለት ነው።

በስህተት ለአንዱ ብቻ መመለስም ጉዳት አለው፤ ውሳኔው ከሌሎቹ ይሰወራል። ጂሜይል የትኛው በራሱ እንዲመረጥ በማስተካከያው ይጠይቃል። እኛ «ለአንዱ» ተመርጦ እንዲቆይ እንመክራለን፤ ለአንዱ የሄደን መልስ በኋላ ለሁሉም መላክ ይቻላል፣ ለሁሉም የሄደውን ግን መልሶ መያዝ አይቻልም።

ቢሲሲ (ሌሎቹ ተቀባዮች የማያዩት ግልባጭ) ላይ ተቀምጠው የደረሰዎትን መልእክት «ለሁሉም» ብለው አይመልሱ፤ በድብቅ ያስገባዎትን ሰው አጋለጡት ማለት ነው። በጎ አጠቃቀሙ ግን አለ፦ ከሌላ ሰው ጋር ያስተዋወቀዎትን ሰው ከምስጋና ጋር ወደ ቢሲሲ ያወርዱታል፣ በመጀመሪያው መስመርም ይህን ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ «ለሁሉም» የሚባለው መልስ እሱን አያደርቀውም።

ፎርዋርድና ሪፕላይ በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ አባሪ ፋይል በሪፕላይ አይሄድም፣ በፎርዋርድ ይሄዳል። አጠራጣሪ ወይም የማጭበርበር ኢሜይልን ለቴክኒክ ክፍል ሲያስተላልፉ ደግሞ እንደ አባሪ አድርገው ይላኩት፤ ተራው ፎርዋርድ የመልእክቱን መነሻ የሚያሳየውን ራስጌ ይጥለዋል፣ ለመርማሪው የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

ርዕሱን መቀየር ወይስ አዲስ መጀመር

ወሬው ከስልጠናው ወደ ደመወዝ ሲሻገር ርዕሱ «የስልጠና ቀን» ሆኖ መቅረት የለበትም። ከቀደመው የወጣ ቅርንጫፍ ከሆነ ርዕሱን ለውጠው አሮጌውን በቅንፍ ያስከትሉ፦ «የአሰልጣኞች ክፍያ (ቀድሞ፦ የስልጠና ቀን)»። ከዚህ ቀጥሎ የሚመልሰው ሰው ቅንፉን ያጠፋዋል።

ፈጽሞ አዲስ ነገር ከሆነ ግን አድራሻ ለመቅዳት ብለው አሮጌ መልእክት ላይ «ሪፕላይ» ተጭነው ርዕስ አይቀይሩ። ያ የማይታየው መለያ አብሮ ስለሚሄድ በተንደርበርድና በመሰሎቹ አዲሱ ጉዳይዎ በአሮጌው ሰንሰለት ውስጥ ይቀበራል፤ ያንን ሰንሰለት ዝም ያሰኘ ሰው ጭራሽ አያየውም። ጂሜይል በተቃራኒው ርዕስ ሲቀየር አዲስ ውይይት ይከፍታል፤ ስለዚህ እርስዎ በጂሜይል ሲያዩት ተለይቶ፣ ሌላው ሲያየው ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ውይይቱ ከ100 መልእክት ሲያልፍም ይከፍለዋል።

ሰዓትና ስሜት

ያናደደዎትን መልእክት በየነጥቡ እየጠቀሱ የጻፉትን መልስ ረቂቅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ያ የ1995ቱ ሰነድም የሚለው ይህንኑ ነው። የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ማስገባት በስህተት ከመላክ ያድናል። ጂሜይል የተላከን የሚያቆምበት ጊዜ ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ነው፤ በራሱ 5 ላይ ስለሚገኝ ወደ 30 ከፍ ያድርጉት።

ለእርስዎ ብቻ የተጻፈን ኢሜይል ለቡድን ሲመልሱ መጥቀስ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሐሳቡ አስፈላጊ ከሆነ «ከእርስዎ የደረሰኝን ሁለት መስመር ለቡድኑ ላካፍል?» ብለው ይጻፉለት፤ ብዙ ሰው ይፈቅዳል፣ አንዳንዱም ለቡድን የሚሆን አድርጎ ራሱ ይጽፈዋል።

ዘግይተው ሲመልሱ ከላይ ያልነው የመቁረጥ ደንብ ይላላል። በዚያው ቀን ለተጻፈ ጥያቄ አንድ መስመር መጥቀስ ይበቃል። ስድስት ሳምንት ላለፈው ግን ቀኑን ጠርተው፣ ጥያቄውን በሙሉ አስቀምጠው፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ካለ በአንድ መስመር ጨምረው ይመልሱ፦ «ጥር 3 ቀን ስለ አዳራሹ ጠይቀውኝ ነበር፤ ያኔ ያልተዘጋው 60 የሚይዘው አሁን ተይዟል፣ ክፍት ያለው 40 የሚይዘው ነው።»